ውሉ ላይ ሳይፈርም የሚከፍለው ሰው

ይድረስ፦ የሕዝብ ውሃ አገልግሎትን ለግል ኩባንያ ለማስተላለፍ ለምትመክሩ ባለሥልጣናትና የምክር ቤት አባላት፣ ገንዘቡን ለምታበድሩ ባንኮች፣ ለአማካሪዎቻችሁም

ግልባጭ፦ የውሃ ሂሳብ ለሚከፍል ሁሉ

ጉዳዩ፦ ውሉ ከመፈረሙ በፊት ለሕዝብ እንዲገለጥ ስለመጠየቅ

ክቡራትና ክቡራን፣

የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው። ልትፈርሙበት ያዘጋጃችሁትን የውሃ አገልግሎት ውል ከነአባሪዎቹና ከነዋጋ ቀመሩ፣ ብዕር ከማንሣታችሁ በፊት ለሕዝብ አውጡት። ጥያቄው በዚህ ያልቃል። ምክንያቱ ግን ረዘም ስለሚል ትዕግሥታችሁን እለምናለሁ። (በደብዳቤው ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የመንግሥት ውሃ መሥሪያ ቤት እንከን የለበትም ብሎ የሚከራከር ሰው ሂሳብ ለመክፈል ተሰልፎ አያውቅም። የፈነዳ ቧንቧ ለሳምንታት መንገድ ላይ ሲፈስ ዝም የሚል፣ መስመር ለማስገባት ዘመድ የሚያስፈልግበት፣ በምርጫ ሰሞን ታሪፍ አልጨምርም ብሎ ምርጫው ሲያልፍ ለጥገና ገንዘብ የለኝም የሚል መሥሪያ ቤት በየአህጉሩ ሞልቷል። በካምቦዲያ ዋና ከተማ በፕኖም ፔን በ1993 ከሚመረተው ውሃ 72 በመቶው ሳይከፈልበት ይጠፋ ነበር፤ ከፊሉ በተሰነጠቀ ቧንቧ፣ ከፊሉ በስርቆት፣ ከፊሉም ሂሳብ መጠየቅ በማይደፈርባቸው ባለጊዜዎች ቤት። «ወደ ግል ይዙር» የሚለው ሐሳብ እንዲህ ካለው ምሬት የተወለደ ነው፤ ምሬቱም እውነት ነው።

ሌላም ልጨምር። በ1990ዎቹ ውሃቸውን ወደ ግል ያዛወሩ የአርጀንቲና ማዘጋጃ ቤቶችን ያጠኑ ኢኮኖሚስቶች በ2005 ባሳተሙት ጥናት የሕፃናት ሞት 8 በመቶ ገደማ፣ በድሆቹ አካባቢዎች ደግሞ 26 በመቶ ገደማ መቀነሱን አሳይተዋል። የእኔን ሐሳብ የሚጋሩ ሰዎች ይህን ጥናት ማንሣት አይወዱም። እኔ ግን አነሣዋለሁ፤ ቧንቧ ያልነበረው ቤት ቧንቧ ሲገባለት ሕፃን ይተርፋል፤ ማን ዘረጋው የሚለው ከዚያ በኋላ የሚመጣ ጥያቄ ነው። ሴኔጋልም በ1996 መሠረተ ልማቱን በመንግሥት እጅ አስቀርታ ሥራውን ብቻ ለግል ኩባንያ በሰጠች ጊዜ ብዙዎች ከጠበቁት የተሻለ ውጤት አግኝታለች። ስለዚህ የግል እጅ የነካው ውሃ ሁሉ ይመረዛል የሚል ክርክር ከእኔ አትጠብቁ።

እኔን የሚያስጨንቀኝ ውሉ ነው። ውል ላይ ሁለት ወገን ይፈርማል፤ መንግሥትና ኩባንያ። ሦስተኛው ወገን፣ ማለትም ሂሳቡን የሚከፍለው ሰው፣ ስብሰባው ላይ የለም። ምንዛሪ ሲወድቅ፣ ድርቅ ሲመጣ፣ የአማካሪው ግምት ሲስት ጉድለቱን የሚሞላው ግን እርሱ ነው። ሁለቱ ፈራሚዎች ራሳቸውን በየአንቀጹ ሸፍነዋልና ስህተቱ ዞሮ ዞሮ ከእርሱ ደጅ ያርፋል።

ያንኑ የአርጀንቲናን ታሪክ እስከ መጨረሻው እንመልከተው። የቦነስ አይረስ ውሃ በግንቦት 1993 ሱዌዝ በተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ ለሚመራ ጥምረት ለ30 ዓመት ተሰጠ። ጥምረቱ ጨረታውን ያሸነፈው ከነበረው ታሪፍ ላይ 27 በመቶ ገደማ ለመቀነስ ቃል ገብቶ ነው። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል እንደሚባለው፣ የመጀመሪያው ጭማሪ የመጣው በሚቀጥለው ዓመት ነበር። አዲስ መስመር የሚገባላቸው የከተማዋ ዳርቻ ነዋሪዎች፣ ማለትም ከሁሉ ድሆቹ፣ የዝርጋታውን ወጪ ራሳቸው እንዲሸፍኑ ተጠየቁ። ለዓመታት ቧንቧ ያልነበረው ሰው ቧንቧ ስላልነበረው ተቀጣ ማለት ነው። ተቃውሞ ተነሣ፤ ውሉ እንደገና ለድርድር ቀረበ፤ ወጪው በሌላ መንገድ በደንበኛው ሁሉ ላይ ተከፋፈለ። ከዚያ የ2002 ቀውስ መጣ። መንግሥት ፔሶን ከዶላር ጋር ያሰረበትን ገመድ ፈታ፤ ታሪፉም ባለበት እንዲቆም አደረገ። ኩባንያው ሂሳብ የሚሰበስበው በፔሶ፣ ብድር የሚከፍለው በዶላር ነበርና ነገሩ ተበላሸ። በመጋቢት 2006 ውሉ ተሰረዘ፤ አገልግሎቱም ወደ መንግሥት ተመለሰ። በዚህ አላበቃም። ዓለም አቀፍ የግልግል ዳኞች በ2015 አርጀንቲና 405 ሚሊዮን ዶላር እንድትከፍል ወሰኑ። ውሉ በተፈረመበት ዓመት የተወለደ ልጅ ይህ ውሳኔ ሲሰጥ ሃያ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነበር፤ የዕዳው ተካፋይም ሆነ።

ይህ ያልታደለች አንዲት አገር ታሪክ እንዳይመስላችሁ። የማኒላ ውሃ በነሐሴ 1997 ለሁለት የግል ድርጅቶች ሲሰጥ የምዕራቡን ክፍል የወሰደው ኩባንያ ያቀረበው ዋጋ ከነበረው ታሪፍ ግማሽ ጥቂት ከፍ የሚል ነበር። ከነባሩ መሥሪያ ቤት የውጭ ዕዳም 90 በመቶውን ተረከበ። የእስያ የገንዘብ ቀውስ በዚያው ሰሞን ፈነዳና የፊሊፒንስ ፔሶ ግማሽ ያህል ዋጋውን አጣ። ኩባንያው ለመንግሥት የሚከፍለውን አቋረጠ፤ ታሪፍ ይጨመርልኝ አለ፤ በ2002 መጨረሻ ላይ ደግሞ ውሉ ይፍረስልኝ አለ። በኢንዶኔዥያዋ ጃካርታ ውሃውን የያዙት የግል ኩባንያዎች በእያንዳንዱ ሜትር ኪዩብ የሚያገኙት ክፍያ ሕዝብ ከሚከፍለው ታሪፍ ተለይቶ በውሉ የተቀመጠ ነበር። ታሪፉ ሳይጨምር የኩባንያው ክፍያ ሲጨምር ልዩነቱ በመንግሥቱ ውሃ ድርጅት ላይ እንደ ዕዳ ይከመራል። ያ ውል በ1997 ያለ ግልጽ ጨረታ ተፈርሞ እስከ ጥር 2023 ቆይቷል። በመካከል አገዛዙ ወደቀ፣ ፕሬዚዳንቶች ተቀያየሩ፤ ውሉ ግን ነበረ።

ኮቻባምባን ሳላነሣ ማለፍ አልችልም፤ ምንም እንኳ ስሟ ከመደጋገሙ የተነሣ እንደ መፈክር የሚቆጠር ቢሆንም። በቦሊቪያዋ ከተማ በመስከረም 1999 ለ40 ዓመት የሚቆይ ውል ተፈረመ። ተጫራቹ አንድ ብቻ ነበር፤ ዋናው ባለድርሻ ቤክቴል የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ቅርንጫፍ ነው። ውሉ ለኩባንያው በዓመት ቢያንስ 15 በመቶ ትርፍ አረጋገጠለት። ማንኛውም ነጋዴ እንዲህ ያለ ዋስትና ቢያገኝ እጅ የሚነሣ ይመስለኛል። ሕዝቡን ይበልጥ ያስቆጣው ደግሞ የብቸኝነት መብቱ ነው። ቧንቧ ያልደረሰላቸው ሰፈሮች መዋጮ አዋጥተው፣ ጉልበት ሰጥተው ያስቆፈሯቸው ጉድጓዶችና የውሃ ማኅበራት በአዲሱ ሕግና ውል ከኩባንያው ሥልጣን ሥር የሚወድቁ ሆኑ። መንግሥት አንድ ቀን እንኳ ቱቦ ያልቀበረበት ሰፈር በገዛ ጉድጓዱ ላይ ፈቃድ ጠያቂ ሊሆን ነው። በጥር 2000 የመጣው ሂሳብ ለብዙዎች በሲሶ፣ ለአንዳንዶች በእጥፍና ከዚያ በላይ ጨምሮ ነበር። ሕዝቡ አደባባይ ወጣ፤ የአስቸኳይ ጊዜ ታወጀ፤ በሚያዝያ አንድ የ17 ዓመት ልጅ በጥይት ተገደለ፤ ውሉም ፈረሰ። ባለሀብቶቹ ቢያንስ 25 ሚሊዮን ዶላር ካሣ ጠይቀው ከሰሱ፤ በዓለም ዙሪያ ተቃውሞ ሲበዛባቸው በጥር 2006 ለስም ያህል ብቻ በሁለት ቦሊቪያኖ (የአገሪቱ ገንዘብ ነው) ተስማሙ።

ታማኝ ለመሆን ያህል፣ የኮቻባምባ ውሃ ወደ ሕዝብ ከተመለሰም በኋላ የደቡቡ ሰፈሮች ብዙ ዓመት ያለ ቧንቧ ኖረዋል። ኩባንያን ማባረር ቧንቧ መዘርጋት አይደለም።

አሁን ከስብሰባ ጠረጴዛው ተነሥተን ወደ ቤት እንግባ። «ማኅበራዊ ተፅዕኖ» ብላችሁ በአባሪ ላይ በአንድ ገጽ የምታልፉት ነገር የሚፈጸመው እዚያ ነውና።

የውሃ ሂሳብ ከአቅም በላይ ሲሆን ቤተሰብ ቅደም ተከተል ያወጣል። መጀመሪያ የሚቀረው ወለል ማጠብ ነው። ቀጥሎ በየሳምንቱ ይታጠብ የነበረው ልብስ ወደ አሥራ አምስት ቀን ይገፋል። ልብስ የታጠበበት ውሃ በባልዲ ተቀምጦ ለመጸዳጃ ቤት ይውላል። ገላ መታጠብ ወደ ፊትና እግር መለቅለቅ ይወርዳል። የሚጠጣውና የሚበሰልበት እስከ መጨረሻው አይነካም። እጅ መታጠብ የትኛው ተራ ላይ እንደሚቀር ግን ማንም ተሰብስቦ አይወስንም፤ ሳይታወቅ ይቀራል፤ ተቅማጥም በዚያ ይገባል። የወር አበባ ላይ ያለች ልጅ ከትምህርት ቤት የምትቀርበትን ምክንያት ለአስተማሪዋ አትናገርም። አልጋ ላይ የዋለ በሽተኛ ያለበት ቤት ከሌላው ቤት የበለጠ ውሃ ይፈልጋል፤ ገቢው ግን በዚያው ምክንያት ቀንሷል። ድርሻ የምታከፋፍለው አብዛኛውን ጊዜ እናት ናት፤ መቀነስም ከራሷ ትጀምራለች። ይህ ሁሉ በኩባንያው ዘገባ ላይ የሚታየው «የፍጆታ መቀነስ» ተብሎ ነው፤ አንዳንድ ጊዜም «የቁጠባ ባህል መዳበር» የሚል ሙገሳ ይጨመርበታል።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ ሰው በቀን ከ50 እስከ 100 ሊትር ያስፈልጋል ይላል። ሃያ ሊትር የሚይዝ ጀሪካን ሲሞላ ከሃያ ኪሎ በላይ ይመዝናል። አምስት ሰው ያለበት ቤት ዝቅተኛውን መጠን ብቻ ተሸክሞ ለማምጣት በቀን ከአሥራ ሁለት ጀሪካን በላይ መቅዳት አለበት። ዩኒሴፍ በ2016 ባወጣው ግምት ሴቶችና ልጃገረዶች በዓለም ዙሪያ ውሃ በመቅዳት በየቀኑ 200 ሚሊዮን ሰዓት ያጠፋሉ። ቦኖ ደግሞ ለኩባንያ ሂሳብ የማይመች ነገር ነው፤ የሚያስገባው ትንሽ፣ ጠባቂና ጥገና የሚፈልግ፣ ቁልፉ የሚሰበር። በውሉ ካልተጠበቀ ቀስ በቀስ ይዘጋል፤ ሴቲቱም ርቃ ትሄዳለች፤ የሄደችበት ሰዓት የማንም ወጪ ሆኖ አይመዘገብም።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ ቀመር የምታወጡ ባለሙያዎች በተለይ እንድታስቡበት እፈልጋለሁ። ደረጃ በደረጃ የሚጨምረው ታሪፍ ለድሃ ታስቦ የተሠራ ነው፤ ጥቂት የተጠቀመ በርካሽ፣ ብዙ የተጠቀመ በውድ ይከፍላል። ለአንድ ቤት አንድ ቆጣሪ ባለበት አካባቢ ጥሩ ይሠራል። አምስት ተከራይ ቤተሰብ አንድ ቆጣሪ በሚጋራበት ግቢ ግን ተገልብጦ ይሠራል። የአምስቱ ቤተሰብ ውሃ ተደምሮ በአንድ ቆጣሪ ላይ ሲነበብ ግቢው ባለ መዋኛ ገንዳ ይመስላል፤ ከፍተኛው ዋጋም ይመታዋል። አከራይ ያንን ለተከራዮቹ ያከፋፍላል፤ የራሱንም ድርሻ ይጨምርበታል። ተከራዩ በስሙ ቆጣሪ ስለሌለው ደንበኛ አይደለም፤ ደንበኛ ስላልሆነ ቅሬታው አይሰማም። ከኩባንያው ጋር ስለ ድጎማ የምትደራደሩ ከሆነ መጀመሪያ ቆጣሪ ሳይሆን ሰው ቁጠሩ።

ስለ ቅድመ ክፍያ ቆጣሪም ልናገር። ሻጮቹ ሲያስረዱ ይጥማል፤ ውዝፍ የለም፣ ክርክር የለም፣ ሰው የአቅሙን ይገዛል። ገንዘቡ ሲያልቅ ግን ቆጣሪው ውስጥ ያለው ቫልቭ ይዘጋል፤ ሌሊት ይሁን ቀን፣ ሕፃን ይታመም አይታመም አይጠይቅም። ማስጠንቀቂያ ይዞ የሚመጣ ሠራተኛ የለም፤ «እባክህ እስከ ሰኞ ታገሠኝ» የሚባል ሰው የለም። ቁልፉ ነገር ይህ ነው፦ እንዲህ የተዘጋ ውሃ «ተቋረጠ» ተብሎ አይመዘገብም፤ ሰውየው ራሱ እንዳልገዛ ተደርጎ ይቆጠራል። እንግሊዝ በ1989 አሥሩን የውሃ ባለሥልጣን መሥሪያ ቤቶች ከሸጠች በኋላ በ1991 እና 1992 መካከል በነበረው የሂሳብ ዓመት ከ21 ሺህ በላይ ቤቶች ውሃ ተቆርጦባቸዋል። ከዚያ የቅድመ ክፍያ መሣሪያዎች ሲገቡ የሚቆረጥባቸው ቤቶች ቁጥር ወረደ፤ በወረቀት ላይ። በ1998 ፍርድ ቤት መሣሪያዎቹ ሕገወጥ ናቸው አለ፤ በ1999 ደግሞ ፓርላማው ከመኖሪያ ቤት ውሃ መቁረጥን ፈጽሞ ከለከለ። ኩባንያዎቹ በዚህ ምክንያት አልፈረሱም። ይህን ለሚጠራጠር አበዳሪ ደግሜ እላለሁ፤ አልፈረሱም።

በደቡብ አፍሪካ ጉዳዩ ሌላ መንገድ ያዘ። የጆሃንስበርግ የውሃ ድርጅት የከተማው ንብረት ሆኖ ሳለ ከ2001 ጀምሮ ለአምስት ዓመት ሥራ አመራሩ ሱዌዝ ለሚመራው ጥምረት ተሰጥቶ ነበር። በሶዌቶ ፊሪ በተባለው ሰፈር በ2004 የቅድመ ክፍያ ቆጣሪዎች ተተከሉ። በወር 6 ሺህ ሊትር ለእያንዳንዱ ይዞታ በነጻ ይሰጣል፤ ስምንት ሰው ላለበት ቤት በቀን ለአንድ ሰው 25 ሊትር ማለት ነው። በአንድ ግቢ ውስጥ ግን ከስምንት በላይ ሰው የሚኖርባቸው ብዙ ነበሩ፤ ነጻው ውሃ ወሩ ሳይጋመስ ያልቅባቸዋል። ለፍርድ ቤት ከቀረቡት ቃለ መሐላዎች በአንዱ ግቢ ውስጥ ባለች ጎጆ ላይ እሳት ተነሥቶ፣ የሚያጠፋ ውሃ ጠፍቶ፣ ሁለት ሕፃናት መሞታቸው ተነግሯል። ከፍተኛው ፍርድ ቤት በ2008 ለነዋሪዎቹ ፈረደ፤ በቀን ለአንድ ሰው 50 ሊትር ይሰጥ አለ፤ ቆጣሪዎቹንም ሕገወጥ አላቸው። የሕገ መንግሥቱ ፍርድ ቤት በጥቅምት 2009 ሻረው። ውሃ የማግኘት መብት በሕገ መንግሥት የተጻፈበት አገር ነው ይህ የሆነው። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤም በሐምሌ 2010 በ122 ድምፅ፣ ያለ ተቃውሞ፣ በ41 ድምፀ ተዓቅቦ ንጹሕ ውሃ ሰብዓዊ መብት ነው ብሏል። መልካም ነው፤ ነገር ግን ቫልቭ የውሳኔ ሐሳብ አያነብም። ክልከላው ውሉ ውስጥ ካልተጻፈ፣ ኋላ ፍለጋው ረጅም ነው።

«እኛ ለግል አልሰጠንም፤ አሠራሩን ብቻ ዘመናዊ አድርገናል» ለሚሉ የመንግሥት ኃላፊዎችም አንድ ቃል አለኝ። በነሐሴ 2000 በደቡብ አፍሪካዋ ክዋዙሉ ናታል ኮሌራ የተነሣው ንግዌሌዛኔ በተባለው ቦታ አካባቢ ነበር። እዚያ በነጻ ይቀዳባቸው የነበሩ ቦኖዎች ወደ ቅድመ ክፍያ ተቀይረው ነበር፤ መክፈል ያልቻለው ወደ ወንዝ ተመለሰ። ወረርሽኙ ከ100 ሺህ በላይ ሰው አሳመመ፤ ከ200 በላይ ገደለ። የግል ኩባንያ አልነበረበትም። እያንዳንዱ ቦኖ ወጪውን ራሱ ይመልስ የሚለው ሐሳብ ግን ነበረበት፤ ያ ሐሳብ የመንግሥት መለያ ለብሶ ሲመጣም ያው ነው።

ስለ ሠራተኞች በአጭሩ። ኩባንያ ሲረከብ መጀመሪያ የሚቀንሰው የሰው ኃይል ነው፤ የአሜሪካዋ የአትላንታ ከተማ ውሃ በ1999 ለ20 ዓመት ለግል ሲሰጥ ከሠራተኞቹ ከግማሽ በላይ ተቀነሱ። ቡናማ ውሃና «አፍልታችሁ ጠጡ» የሚል ማስጠንቀቂያ ተደጋገመ፤ ከተማዋ በ2003 መጀመሪያ ላይ ውሉን አፈረሰች። የትኛው ቫልቭ የት እንደተቀበረ በልቡ የሚያውቅ ሽማግሌ ቴክኒሻን በካርታ አይተካም፤ ካርታው ራሱ ብዙ ጊዜ የለምና።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን አቤት የሚባልበት ደጅ መጥፋቱ ነው። የውሃ መሥሪያ ቤቱ የከተማው በሆነ ጊዜ፣ ምንም ደካማ ቢሆን፣ የተናደደች ሴት የምክር ቤት አባሏን ደጅ ትጠናለች፤ እርሱም ድምፅዋን ይፈልጋልና ቢያንስ ይፈራታል። ውሉ ከተፈረመ በኋላ የምክር ቤቱ አባል «ኩባንያውን ጠይቂ» ይላል። ኩባንያው «ታሪፉ በተቆጣጣሪው የጸደቀ ነው» ይላል። ተቆጣጣሪው «ውሉ እንዲህ ይላል» ይላል። ውሉን ልየው ስትል «የንግድ ምስጢር ነው» ትባላለች። አራት ደጅ ዞራ ከጀመረችበት ቆማለች፤ ማንም ግን ዋሽቷል ማለት አትችልም። ሰው እንዲህ ሲሆንበት ወይ ዝም ይላል ወይ ቆጣሪ ይሰብራል። ዝምታውን ስምምነት፣ ሰበራውን ወንጀል እያላችሁ የምትመዘግቡት ይህንኑ ነው።

በርሊን የውሃ ድርጅቷን 49.9 በመቶ በ1999 ስትሸጥ ውሎቹ ምስጢር ነበሩ። ነዋሪዎቿ ፊርማ አሰባስበው በየካቲት 2011 ሕዝበ ውሳኔ አስደረጉ፤ ከ660 ሺህ በላይ ሰው ውሎቹ ይገለጡ ብሎ ድምፅ ሰጠ። ከተማዋ በ2012 እና 2013 ድርሻውን መልሳ ገዛች፤ በዋጋ ነዋ። የራሳቸውን ውል ለማንበብ ሕዝበ ውሳኔ ማድረግ የነበረባቸው ሀብታምና የተማሩ ከተሜዎች ናቸው፤ ይህ ከሆነ ሌላው ምን ሊያደርግ ነው?

የእንግሊዝ ታሪክ የመጨረሻ ምዕራፍ ደግሞ ጊዜ ወስዶ የመጣ ነው። መንግሥት ሲሸጥ የድርጅቶቹን ዕዳ ሰርዞ ነጻ አድርጎ አስረከባቸው። ከሠላሳ ዓመት በኋላ ኩባንያዎቹ በድምሩ ከ60 ቢሊዮን ፓውንድ በላይ ዕዳ አለባቸው፤ በእነዚያው ዓመታት በአሥር ቢሊዮኖች የሚቆጠር ፓውንድ የትርፍ ድርሻ ለባለአክሲዮኖች ሄዷል። በ2023 ብቻ በእንግሊዝ ወንዞችና ባሕር ዳርቻዎች ያልተጣራ ፍሳሽ የተለቀቀበት ጊዜ ሲደመር 3.6 ሚሊዮን ሰዓት ሆኗል። ወንዝ ቆጣሪ የለውም፤ ስለዚህ ወንዙም ሳይፈርም ከፋይ ሆነ። ጎረቤቷ ስኮትላንድ ውሃዋን አልሸጠችም።

«ታዲያ ምን እናድርግ?» ትሉኝ ይሆናል። ያቺ 72 በመቶ ይጠፋባት የነበረች ፕኖም ፔን በመንግሥት ድርጅትነቷ ጸንታ ብክነቱን ወደ 6 በመቶ ገደማ አወረደችው። ተአምር አልተሠራም። ለሁሉም ቆጣሪ ተተከለ፤ ባለሥልጣንም ሆነ ወታደር ሂሳቡን እንዲከፍል ተደረገ፤ የማይከፍል ትልቅ ሰው ተቆረጠበት፤ ድሃ የመስመር ማስገቢያውን በድጎማና በክፍያ ጊዜ ማራዘሚያ አገኘ፤ የሠራ ሠራተኛ ተሸለመ፤ የሰረቀ ተባረረ። ከውጭ ብድርና ርዳታ አግኝታለች፤ ድርጅቷን ግን አልሰጠችም። ፓሪስም ለሩብ ምዕተ ዓመት ሁለት ኩባንያዎች ሲያከፋፍሉላት የኖረውን ውሃ በጥር 2010 መልሳ በራሷ ድርጅት ሥር አደረገች፤ በመጀመሪያው ዓመት 35 ሚሊዮን ዩሮ ቆጥባ በ2011 ዋጋውን 8 በመቶ ቀነሰች። ስለዚህ አማካሪዎቻችሁ የሚያቀርቡላችሁ ንጽጽር ዛሬ ያለውን የተጎሳቆለ የመንግሥት ቢሮ ነገ ከሚመጣው ያማረ ኩባንያ ጋር የሚያወዳድር ከሆነ መልሱላቸው። ለኩባንያው ልትሰጡት ያሰባችሁትን ያህል ገንዘብ፣ የታሪፍ ነጻነትና የፖለቲካ ከለላ የመንግሥቱ ድርጅት ቢያገኝ ምን ይሆን እንደነበር ጽፈው ያምጡ።

ያም ሆኖ ትፈርሙ ይሆናል። እንግዲያውስ ከመኖሪያ ቤት ውሃ መቁረጥና በቫልቭ ማነቅ የተከለከለ መሆኑ በውሉ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ይጻፍ። የምንዛሪ ኪሳራ በራሱ ወደ ሂሳብ የሚገባበት አንቀጽ ይውጣ፤ ያንን አደጋ ለመሸከም ፈቃደኛ የማይሆን ኩባንያ ካለ አደጋው ምን ያህል እንደሆነ ከእርሱ ተማሩ። መስመር የመዘርጋት ግዴታው በኪሎ ሜትር ሳይሆን ውሃ ባገኙ ቤቶች ይለካ፤ ተከራዩና የይዞታ ካርታ የሌለውም ይቆጠር። ሰፈር በራሱ ያስቆፈረው ጉድጓድ ከብቸኝነት መብቱ ውጭ ይሁን። ቦኖ የሚዘጋው የመጨረሻው ቤት ቧንቧ ካገኘ በኋላ ነው። የደንበኛ መዝገብ፣ የመስመር ካርታና የውሃ ጥራት ውጤት የሕዝብ ንብረት ሆነው ይቆዩ፤ ውሉ ሲፈርስ በልመና እንዳይመለሱ። ማፍረሻው ምን ያህል እንደሚያስከፍል፣ ክርክሩም የትኛው አገር፣ በማን ፊት እንደሚታይ ዛሬ ይታወቅ። ዳሬ ሰላም በ2003 የፈረመችውን ውል በ2005 ስታፈርስ የግልግሉ ክርክር ሦስት ዓመት ፈጅቷል፤ ዳኞቹ ታንዛኒያ ስምምነት ጥሳለች ብለው ካሣ ግን አልፈረዱባትም። ሁሉም እንዲህ አይቀናውም።

ለአበዳሪዎችም አንድ ጥያቄ፦ ውሃው ወደ ግል መዛወሩ የብድሩ ቅድመ ሁኔታ ከሆነ ደብዳቤያችሁን ከውሉ ጋር አብራችሁ አውጡት። ምክር ነው ካላችሁ ምክርነቱ በጽሑፍ ይታይ፤ ምክር ያልተቀበለ ይቀጣል ወይ የሚለውም እንዲሁ።

አወጣጡም በይስሙላ አይሁን። በድረ ገጽ ጥግ ላይ በባዕድ ቋንቋ የተሰቀለ ስድስት መቶ ገጽ ወጣ አይባልም። ከፋዩ በሚያነበው ቋንቋ፣ ሂሳብ በሚከፈልበት መስኮት ሁሉ ይቀመጥ። ከዋጋ ቀመሩ ጋር የሦስት ቤቶች ስሌት ይያያዝ፤ የአንድ ጡረተኛ፣ አንድ ቆጣሪ የሚጋሩ የአምስት ተከራዮች፣ አንድ ልብስ አጣቢ ሴት የምትኖርበት ቤት። ምንዛሪው በግማሽ ቢወድቅ የእያንዳንዳቸው ሂሳብ ስንት እንደሚሆን ይታይ። ቢያንስ ሦስት ወር ይሰጠን፤ ጥያቄያችንና መልሳችሁ አብረው ይታተሙ። ምስጢር ነው ብላችሁ የምትሸፍኑት መስመር ካለ በጥቁር ቀለም ሸፍኑት፤ ከጎኑ ግን እንዲሸፈን ያዘዘው ሰው ስምና ምክንያቱ ይጻፍ።

ከአክብሮት ጋር፣

ሂሳቡን ከሚከፍሉት አንዱ